የወይዘሮ ያለምወርቅ እንቅልፍ

ኢንስፔክተር ሥራነሽ ይጁቤ ከተማ፣ የወይዘሮ ያለምወርቅ ቤት ስትደርስ አስከሬናቸው ከአልጋው አልተነሣም ነበር። ፊታቸው እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቷል። አልጋው አጠገብ የከሰል ምድጃ አለ፤ አመዱ ላይ አንድ እፍኝ ጦስኝ ተበትኗል። መስኮቱ ተዘግቷል።

«የከሰል ጢስ ነው የገደላት» አለ የባላቸው ወንድም እንዳላማው። ጠዋት ሞተው ያገኛቸው እሱ ነው። «ሽታዬ የምትባለው ጎረቤት ናት በቅጠሏ የፈጀቻት፤ ‹ለብርድሽ ታጠኚበት› እያለች።»

ሥራነሽ ጎንበስ ብላ ጦስኙን በጣቶቿ አገላበጠችው።

እማማ ሽታዬን ጓሮ አገኘቻቸው።

«ምን ሰጧቸው?»

«ጦስኝና ጠጅ ሳር። ካረጠች ወዲህ ሌሊት ሰውነቷ እየነደደ፣ በላብ እየተጠመቀች እንቅልፍ አጥታ ነበር። በእርጥብ ጨርቅ ቋጥሬ ‹አሽትቺው› አልኳት። ሰሞኑን ‹ልቤ ረጋ፣ ተኛሁ› ብላኝ ነበር።»

«በእሳት አልታጠኑም?»

«እሳት? ልጄ፣ እሳቱ እኮ እሷ ውስጥ ነበር!»

ባልየው ደመላሽ ሌሊቱን ዲማ አድሮ ገና መመለሱ ነው። «መስኮት ከፍታ ነው የምትተኛው፤ እኔ ብርዱን ፈርቼ ሌላ ክፍል መተኛት ከጀመርኩ ቆየሁ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰኞ ፍርድ ቤት ልትመሰክር ነበር። በድንበር ጠብ የሞተውን ሰው ማን እንደገደለው አይታለች። ስሙን ግን ለእኔም አልነገረችኝ።»

ሥራነሽ ሦስቱንም መኝታ ክፍሉ በር ላይ ሰበሰበች።

«ወይዘሮ ያለምወርቅ ሙቀት የሚሸሹ ሰው ነበሩ። ከሰል አያስገቡም፣ መስኮትም አይዘጉም። ተኝተው ሳሉ ሌላ ሰው ነው ይህን ያደረገው። ጦስኙን እዩት፤ አረንጓዴ ነው፣ አልተለበለበም። ፍሙ ከጠፋ በኋላ ጠዋት የተበተነ ነው፣ ነገሩ በእማማ ሽታዬ እንዲላከክ። ጠዋት እዚህ ክፍል የገባው ማነው?»

ደመላሽ ወደ ወንድሙ ዞረ።

«እኔ... ያገኘኋት ብቻ ነኝ» አለ እንዳላማው።

«እርስዎ ‹ለብርድሽ› አሉኝ። ባላቸውና እማማ ሽታዬ ግን ስለ ሙቀታቸው ነው የነገሩኝ። ሕመማቸውን ለእርስዎ አላወሩም፤ ቅጠል ሲያሸቱ አይተው ብርድ መሰለዎት።»

እንዳላማው መሬት መሬት አየ። «እንዳትመሰክርብኝ ለምኛት ነበር» አለ በመጨረሻ። «‹ያየሁትን አልክድም› አለችኝ።»

ደመላሽ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ፖሊሶች እንዳላማውን ይዘውት ሲወጡ እማማ ሽታዬ የሥራነሽን እጅ ጭብጥ አድርገው ያዙ።

«እኔ ባላስተኛት ኖሮ ትነቃ አልነበር?»

ሊሆን እንደሚችል ሥራነሽ ታውቃለች።

«እንቅልፍ ያገኙት በእርስዎ ነው፤ የሞቱት በእሱ» አለቻቸው።

እማማ ሽታዬ ግን እጇን አልለቀቁም።