ሰባተኛው እጥፍ

ባልና ሚስቱ የሚኖሩባት ቤት ሁለት ክፍል ናት። በፊተኛው ክፍል አንድ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር አለ፤ ሦስተኛው ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም፣ ልብስም አይጣልበትም። ሚስትየው በአንድ የመጽሐፍ ጥረዛ ቤት የታተመ ወረቀት እያጠፈችና እየሰፋች መጽሐፍ የምታደርግ ጠራዥ ናት። ባልየው የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ ይውላል። ጎረቤት ሁሉ «እንደነሱ የተስማማ የለም» ይላቸዋል። እውነትም አይጨቃጨቁም። ታዲያ የማይጨቃጨቅ ቤት ሁሉ ሰላም ያለው ይመስላችኋል? ሴትዮዋ ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት የምታደርገውን ብታዩ እንዲያ አትሉም ነበር። የድስቱን ክዳን ትነካለች፣ የማንቆርቆሪያውን ትነካለች፣ የውኃ በርሜሉን ትነካለች። በሩ ላይ ደርሳ ትመለስና እንደገና ትነካለች። አንዳንድ ቀን ግማሽ መንገድ ሄዳ ሁሉ ትመለሳለች። ባልየው ጫማውን እያሰረ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃታል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲጠብቃት አንድም ቀን «ተይ፣ ይበቃሻል» ብሏት አያውቅም። በየትኛው አፉ ይበላት?

ነገሩ እንዲህ ነበር። በግቢያቸው ጥግ መሬት ውስጥ የተቆፈረ የውኃ ማጠራቀሚያ ነበር፤ የቆርቆሮ ክዳን አለው፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ይጫናል። የስድስት ዓመት ልጅም ነበረቻቸው። ቅጥነቷ ለጉድ ስለሆነ አባቷ «ጭራሮ» ይላታል፤ ከሦስቱ በቀር ይህን ስም የሚያውቅ አልነበረም። ያን ቀን ጠዋት እናትየው ለልብስ አጠባ ውኃ ቀዳች፣ ክዳኑን መለሰች፣ ድንጋዩን ጫነች፣ አጥባም ገባች። እኩለ ቀን ላይ ባልየው ለምሳ መጣና ፊቱን ሊታጠብ አንድ ባልዲ ቀዳ። ያኔ ደራሲ መሆን የሚያልም፣ ኪሱ በብጫቂ ወረቀት የተወጠረ ጎልማሳ ነበር። ባልዲውን እየሳበ ሳለ አንድ ዓረፍተ ነገር መጣለት፤ ሳምንት ሙሉ ሲፈልገው የሰነበተው የታሪኩ መጀመሪያ! እንዳይጠፋው ሮጦ ገባና ጻፈው። ክዳኑ መሬት ላይ እንደተጋደመ ቀረ። ጭራሮ ደግሞ ኳሷን እየተከተለች ከጓሮ መጣች... ከዚህ በኋላ ያለውን ለመጻፍ የኔም እጅ ይከብደዋል። ሰው ሲሰበሰብ እናትየው ደረቷን እየደቃች «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያልከደንኩት!» አለች። ባልየው አፉን ከፈተ። ቆመው የነበሩት ሁሉ አዩት። ከዚያ አፉን መልሶ ገጠመው።

መከራ ብቻውን መች ይመጣል? በቀብሩ ቀን የሚስትየው እናት በሰው ፊት «ክዳን መክደን ላቃታት እኔ እናት አይደለሁም» አሉና ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ልጃቸው ስትመጣ መንገድ ይሻገራሉ። ሲሞቱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር፤ ልጃቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተንበርክካ «እማዬ፣ እባክሽ» እያለች ነው ያለፉት። በዓመቱ ያረገዘችው ጽንስ ወረደ። ሐኪሙ ድካም ነው አላት፤ እሷ ግን «የሚገባኝ ነው» ብላ ተቀበለችው። ይህን ሁሉ ባልየው ያያል። በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ ይላል። ነገ ሲመጣ ግን እውነቱን የሰማች ቀን ጥላኝ ትሄዳለች፣ ሰው የለኝም፣ ምን እሆናለሁ ይላል። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ አንዴ ቤት ከገባ እንደ ቤተሰብ አብሮ ይኖራል።

ብጫቂ ወረቀቶቹን አቃጥሎ አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቃል ሳይጽፍ ኖረ። አንድ ቀን ግን መዝገብ ቤት ውስጥ ከተጣለ ቅጽ ጀርባ ላይ የልጅቷን የአረማመድ ሁኔታ ጻፈ። በማግሥቱ ሳቋን ጻፈ። ምላሱ ያልደፈረውን እጁ ደፈረው። ስድስት ዓመት ሲጽፍ ከረመ፤ የልጅነቱን፣ የትዳሩን፣ የጭራሮን፣ በመጨረሻም የዚያን ቀን እውነት አንድም ሳይቀር። ሲጨርስ ምን ማድረግ ነበረበት? ወስዶ እሷ ጉልበት ላይ ማስቀመጥ ነበረበት! እሱ ግን፣ አይ ሰው መሆን፣ የድሮው ምኞቱ ተነሳበት። ይታተም አለ። ሽፋኑ ላይ የብዕር ስም አደረገ፤ ሚስቱ እንደሆነች ቀን ሙሉ መጽሐፍ ስትሰፋ ውላ እቤት መጽሐፍ ማየት አትወድም። ከሷ መሥሪያ ቤት እንዲርቅ ብሎም ከወንዙ ማዶ ወዳለ ማተሚያ ቤት ወሰደው።

አንድ ሐሙስ ከሥራ መልስ ሚስትየው ጫማዋን እያወለቀች «አዲስ ሥራ መጣልን» አለችው። «ከወንዝ ማዶ ያለው ማተሚያ ቤት ማጠፊያ ማሽኑ ተበላሽቶበት፣ ሦስት መቶ መጽሐፍ በእጅ እጠፉልን ብሎ ላከ።»

ባልየው ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። «የምን... የምን መጽሐፍ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ? የአንድ ሰውዬ ትዝታ ነው አሉ። እኔ የማየው የገጽ ቁጥር ነው፤ እሱ ከተዛባ አለቃችን ጉድ ታፈላለች። ዛሬ ሦስት እጥፍ ጨረስን።»

እጥፍ ማለት ምን እንደሆነ ድሮ ራሷ አስረድታዋለች። አንዱ ትልቅ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል፤ እጥፎቹ በተራ ተደራርበው ሲሰፉ መጽሐፍ ይሆናሉ። ባልየው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ በጣቱ ቆጠረ። ያ ቀን የተጻፈው ከገጽ ዘጠና ሰባት እስከ መቶ አሥራ ሁለት ነው፤ ሰባተኛው እጥፍ። ዛሬ ሦስት፣ ነገ ሦስት፣ ቅዳሜ ሰባተኛው! የላይኛው ገጽ የሚጀምረውም «ጭራሮ» ብሎ ነው።

በማግሥቱ ሥራውን ጥሎ ወንዙን ተሻገረ። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ሳቀበት። «ጋሼ፣ ደራሲ ሁሉ መጨረሻ ላይ ይፈራል። ወረቀቱ ከእጄ ወጥቷል፤ ሳምንት ይታገሡ፣ መጽሐፍዎን ታቅፈው በዚህ ቀን ይስቁበታል።» ሊለምነው ፈለገ፤ ግን ምን ብሎ? ሚስቴ እንዳታነበው ብሎ? ወንዙን ተሻግሮ በእግሩ ተመለሰ።

ቅዳሜ ሚስትየው በምሳ ሰዓት መጣች። እጇን ታጠበች፣ ምሳ አቀረበች፣ በላች። ስለ ቲማቲም መወደድ አወራች። ባልየው ዓይኗን እያየ ይፈልጋል፤ ምንም የለም። አላየችውም ማለት ነው? ቁጥሩን ብቻ አይታ አልፋው ይሆን? እሑድም እንዲሁ ዋለ። ትንሽ ትንፋሽ መለሰ። ሰኞ ጠዋት ግን ሻርፗን አደረገች፣ ቦርሳዋን ያዘች፣ ወጣች። እንደ ወትሮዋ ከበሩ አልተመለሰችም። ድስቱን አልነካችም፣ በርሜሉን አልነካችም። የማንቆርቆሪያው ክዳን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ማንቆርቆሪያው አፉን ከፍቶ ያያል። ባልየው አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ውጪ እንደሆነ ቁጭ ብሎ ቀረ። እንዳነበበችው አወቀ። ጩኸት ቢሆን፣ ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር... በዚያ ሳምንት የበር ድምፅ በሰማ ቁጥር ልብሷን ሸክፋ የምትወጣ ይመስለው ጀመር። ስትስቅ ይፈራል፣ ዝም ስትል ይፈራል፣ ስትተኛ ትንፋሿን እየቆጠረ ይፈራል።

ዓርብ ዕለት መጻሕፍቱ መዝገብ ቤት ድረስ በካርቶን መጡለት። ዕድሜ ልኩን ያለመው መጽሐፍ! ሌላ ሰው ቢሆን ስሞ በተቀበለው። እሱ ግን ገጽ ዘጠና ስድስትን ገለጠ፤ ቀጥሎ መቶ አሥራ ሦስት ነው። ሌላ አነሳ፣ መቶ አሥራ ሦስት። ሦስት መቶውም ላይ ሰባተኛው እጥፍ የለም። መጀመሪያ እፎይ አለ፤ በዚህም ራሱን ጠላ። ወዲያው ደግሞ የባሰ ፍርሃት ያዘው፤ ወረቀቱ የት ሄደ?

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚስትየው ከጓዳ አንድ በአንሶላ የተቋጠረ ነገር ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ሦስተኛውን ወንበር ሳበችና ተቀመጠችበት። አንሶላውን ፈታች። ሰባተኛው እጥፍ ነው፣ ሦስት መቶውም፤ መጻሕፍቱ ሳይሰፉ አለቃዋ ሳታይ በቦርሳዋ ጥቂት በጥቂት አውጥታዋለች።

«አንብብልኝ» አለችው።

«አንብበሽው የለ?»

«በዓይኔ አንብቤዋለሁ። በአፍህ ነው የምፈልገው። ለማያውቁኝ ሰዎች ከመንገርህ በፊት ለኔ መንገር ነበረብህ።»

አነበበ። ድምፁ እየተቆራረጠ፣ መነጽሩ በእንባ እየጨለመበት፣ የባልዲውን፣ የክዳኑን፣ የኳሷን... አንዱን ገጽ ሲጨርስ ወረቀቱን ሊያስቀምጥ ይሞክራል፤ እሷ በጣቷ ወደሚቀጥለው ታሳየዋለች። አሥራ ስድስት ገጽ ለማንበብ የፈጀበት ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመት መሰለው። ሲጨርስ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ያቺን ዓረፍተ ነገር እዚህ አልጻፍካትም» አለች። «ምን ነበረች?»

«ተዪው፣ እባክሽ...»

«ንገረኝ።»

«'ዝናቡ ካባራ በኋላ ከተማው ታጥቦ የተሰጣ ልብስ መሰለ።'» አለ በሹክሹክታ።

ሚስትየው ለራሷ ደጋገመችው። «ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ጥሩ ናት?»

«አይደለችም» አለና ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

እሷ አላለቀሰችም። የቀኝ እጇን መዳፍ ገልብጣ ታየው ጀመር። «መልሼው ነበር» አለች። «ድንጋዩን ስጭን መቀዝቀዙ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ለእማዬ 'መልሼ ነበር መሰለኝ' አልኳት፤ 'መሰለኝ?' አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ይሄ ትዝታ ራሴን ለማዳን የፈጠርኩት ነው አልኩ። እጄን ራሴ አላመንኩትም። አንተ አንድ ቃል ብትናገር አምነው ነበር። አንድ ቃል።»

«ሂጂ ብትይኝ እሄዳለሁ» አለ።

«አንተ መሄድ ታውቅበታለህ? መደበቅ ነው እንጂ የምታውቀው።» ወረቀቶቹን መልሳ ቋጠረች። «መጻሕፍቱን ነገ መልስልኝ። የብዕር ስሙን ትሰርዛለህ፣ የራስህን ታደርጋለህ። ሰው ማን እንደሆንክ ይወቅ።»

ሰኞ መጻሕፍቱ ወደ ጥረዛ ቤቱ ተመለሱ። የሥራ ባልደረቦቿ እንርዳሽ ቢሏት እምቢ አለች። ሦስት መቶውን ብቻዋን ፈታች፣ ሰባተኛውን እጥፍ በቦታው አስገባች፣ እንደገና ሰፋች፣ በአዲስ ሽፋን ለበጠች። መርፌው ጣቷን በስቶት የአንዳንዱ ኅዳግ ላይ የደም ነጥብ ቀርቷል። የመጀመሪያውን ቅጂ ይዛ እናቷ መቃብር ሄደች። ባልየው የመቃብር ግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ከዚያ እንዳያልፍ ነግራዋለች። ነፋሱ ድምፅዋን አልፎ አልፎ ያመጣለት ነበር። «እማዬ፣ ስሚኝ፣ ገጽ ዘጠና ሰባት ነው» ስትል ሰማት። ለእናቷ ስታነብ ነው ያለቀሰችው።

ዕጣ ፈንታ የምንለው ነገር ከሰማይ ይወርዳል ይባላል። እኔ እንጃ። አንዳንዱ ከሰው ከንፈር ተመልሶ ከገባ ቃል የሚበቅል ይመስለኛል። ሰውየው ደራሲ ሆነ፤ የተመኘውን አገኘ። መንገድ ላይ የሚያውቁት አንዳንዶቹ ሰላምታ ነፈጉት፣ አንዳንዶቹ እያለቀሱ እጁን ጨበጡት። ከዚያ በኋላ ሌላ አልጻፈም። ይቅር ብላው እንደሆነ የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ እሱም አያውቅም፤ ለመጠየቅ ይፈራል።

ከመቃብሩ በተመለሱ ማግሥት ጠዋት ሚስትየው ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች። «ከዛሬ ጀምሮ ክዳኑን አንተ ነህ የምታየው» አለችው።

እሱም የድስቱን ነካ፣ የማንቆርቆሪያውን ነካ፣ የበርሜሉን ነካ። በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እሷ አንገቷን ሳትደፋ ቆማ ጠበቀችው።