የመታጠቢያ ቤቱ ጎርፍ

የቅርብ ጓደኛ ያጠፋችውን ደብቆ ዝም ማለት የሚቻለው እስከ መቼ ነው? ልጅቷ መልሱን ገና አላወቀችውም። ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል እየገነፈለ የሚወጣውን ጥቁር ውሃ በጆግ እየቀዳች ባልዲ ውስጥ ትገለብጣለች።

አባቷ ተንበርክኮ የወለሉን ቀዳዳ በረጅም ሽቦ ይጎረጉራል። «መጣች! መጣች!» አለ፣ ዓሣ የያዘ ይመስል። ሽቦው ይዞ የወጣው ግን እፍኝ የማይሞላ ፀጉር ነበር። ፊቱ ተለወጠ። የጓሮውን ክፍል ተከራይታ የምትሠራውን ፀጉር ሠሪ ጠራት።

«ስንቴ ልንገርሽ? ቱቦውን በፀጉር ደፈንሽው እኮ! ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ፀጉር ማጠብ የለም። ካልሆነ ሌላ ቤት ፈልጊ።»

«ኧረ ጋሼ! የደንበኛ ፀጉር ጠርጌ በፌስታል ነው የምጥለው። ይሄ ደግሞ ሽበት አለው፤ የርስዎ እንዳይሆን!»

«የኔ? ከየት አምጥቼ?» አባቷ መላጣውን ዳበሰ።

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። ጓደኛዋ ቅመም ናት፤ እሷ ባለችበት ጸጥታ ስለሌለ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራት። ትናንት ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን የከተማ ሞዴል እዚሁ ሲሠሩ፣ የተረፈውን ጄሶ ቀዳዳው ውስጥ የደፋችው እሷ ነበረች። «ውሃ ይወስደዋል ባክሽ፣ አታካብጂ!» ብላ። አሁን ደግሞ እንዲህ ጽፋለች፦ «በናትሽ እንዳትተነፍሺ! እማዬ ከሰማች ከኤግዚቢሽኑ ታስቀረኛለች።»

ፀጉር ሠሪዋ መቀለዷን ትታለች። «ጋሼ፣ ደንበኞቼን ይዤ የት ልግባ?» አለች ቀስ ብላ።

ልጅቷ ጆጉን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ፀጉር አይደለም። ጄሶ ነው። ትናንት የተረፈንን ደፋንበት። እኛ ነን።»

አባቷ ሽቦውን አየ፤ እሷን አየ። «እና ይሄን ሁሉ ሰዓት ድንጋይ ሳጠምድ ዝም ብለሽ ታይኛለሽ?» ከዚያ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞረ፤ ጆሮው ቀልቷል። «ይቅርታ፣ እህቴ። ቸኮልኩ። ሥራሽን ሥሪ።»

«ይሁን ጋሼ። የሽበቱን ባለቤት ግን ያጣሩ!»

አባቷ በጓሮ በኩል የቱቦውን መታጠፊያ በመጋዝ ሲቆርጠው የታቆረው ፍሳሽ ቡልቅ ብሎ እስከ ወገቡ አለበሰው። ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ። መታጠፊያውን በመዶሻ ሲመታው፣ የቱቦውን ቅርጽ የያዘ፣ የታጠፈ ክርን የሚመስል ነጭ የጄሶ ድንጋይ ዱብ አለ።

«ኤግዚቢሽን መቅረብ የነበረበት ይሄ ነው!» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

አባቷ ልብሱን ቀይሮ አዲስ መታጠፊያ ሊገዛ ወጣ። ልጅቷ እጇን ደጋግማ ታጠበችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ብዙ ጻፈች፤ አጠፋች። በመጨረሻ የላከችው ይህን ነበር፦

«ነግሬያለሁ። ‹እኛ ነን› ነው ያልኩት። ነገ ነይና ወለሉን አብረን እንፈግፍገው። እናትሽ ጋም አብሬሽ እገባለሁ።»

ቅመም ወዲያው አነበበችው። መልስ ግን አልመጣም፤ በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ።