ከደቻቱ ዳር ያሉት አሥራ አንድ ቤቶች

የድሬዳዋ ጥላ ያን ሰኞ ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ደረሰ። ጥላው በፊኛዎች የተንጠለጠለ፣ ሦስት ሰፈር የሚሸፍን ስስ ሸራ ነው። በከተማው ላይ እየተንሳፈፈ ለየሰፈሩ በተራ የሁለት ሰዓት እፎይታ ይሰጣል። ኢፍቱ መዘግየቱን ልብ አላለችውም። ሥራ የጀመረችበት ቀን ነበርና ሐሳቧ ሁሉ በቀኝ እጇ ባጠለቀችው ዳሳሽ ላይ ነበር።

ዳሳሽ ጓንት የሚመስል መሣሪያ ነው። ግድግዳ ላይ ሲያሳርፉት የቤቱን ዕድሜ፣ የብረቱን ብዛት፣ ከዓይን የተሰወረውን ስንጥቅ ሳይቀር አንብቦ ግምቱን ይናገራል። ሕጉ ግን ማሽን እንዲፈርም አይፈቅድም። ከተማዋ እስከዛሬ ቤት ገማቾች ያሏት ለዚህ ነው። ኢፍቱም ሁለት ጊዜ የወደቀችውን ፈተና በሦስተኛው አልፋ፣ በሃያ አራት ዓመቷ ከእነሱ አንዷ ሆናለች።

አሠልጣኟ አቶ ዘርጋው አርባ ዓመት ቤት ሲገምቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ወጣቶቹ ባልደረቦቻቸው አካሄዳቸው አዝጋሚ ነው እያሉ ያሟቸዋል። ሆኖም እሳቸው የፈረሙበት ግምት አንድም ቀን ተሽሮ አያውቅም። ኢፍቱ ከእሳቸው ጋር መመደቧን ስትሰማ በደስታ እንቅልፍ አጥታ ነበር ያደረችው።

የመጀመሪያ ሥራዋ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ያሉ አሥራ አንድ የድንጋይ ቤቶች ነበሩ። ጥላው እዚያ አይደርስም። ከመቶ ስልሳ ያላመጣ ቤት ለመኖሪያ አይበቃም ተብሎ ይፈርሳል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማዋ ረጃጅም ፎቆች ይዛወራሉ።

የመጀመሪያውን ቤት በር የከፈቱላቸው ወይዘሮ ሐሊማ ናቸው፤ ጣታቸው በኖራ የነጣ የሰባ አንድ ዓመት ግንበኛ።

«ልታፈርሱን ነው የመጣችሁት?» አሉ፣ ከበሩ ሳይነሱ።

«ልንገምት ነው፣ እማማ» አለች ኢፍቱ።

«ያው ነው። በሉ ግቡ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሙ።»

ኢፍቱ ዳሳሹን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። መሣሪያው ተናገረ፦ «የውጭ ሙቀት አርባ ሰባት። የውስጥ ሙቀት ሃያ አራት። ማቀዝቀዣ የለም። ንባቡ የተሳሳተ ነው።»

መጠባበቂያውን ዳሳሽ አጠለቀች። እሱም ያንኑ ደገመ። ንባቡ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ የግምት ቅጹ «ግምት የሌለው» ብሎ ራሱን ይዘጋል፤ ያ ማለት የእኚህ ሴት ቤት በእሷ እጅ ፈረሰ ማለት ነው።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ሁለቱም ተበላሹ!»

«አውልቂው እስቲ» አሏት በእርጋታ። «አሁን ምን ይሰማሻል?»

«ይቀዘቅዛል።»

«አየሽ፣ መሣሪያው አልተሳሳተም። ያየውን ማመን ነው ያቃተው። ቅዝቃዜው ከየት እንደሚመጣ አንቺ ፈልጊ።»

ባዶ እጇን ግድግዳው ላይ እያሻሸች ዞረች። ከአልጋው ጀርባ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ነፋስ የሚተነፍስ ቀዳዳ አገኘች። እርጥብ አሸዋ፣ እርጥብ አሸዋ ይሸታል።

«እሱ ከጎረቤቶቻችን ከነአብዲ ቤት ነው የሚመጣው» አሉ ወይዘሮ ሐሊማ። ከዚያም ተቀምጠው አወሩላት። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ መብራት የሙቀቱን ወራት ሙሉ በጠፋበት ዓመት፣ ትንሿ ልጃቸው በሙቀት ታማ ለጥቂት ተርፋለች። ወንዙ ሲደርቅ የደቻቱ አሸዋ ላዩ ቢነድም ሥሩ እርጥብና ቀዝቃዛ መሆኑን ያውቁ ነበርና አየር የሚያቀዘቅዝ የሸክላ ቱቦ ሊቀብሩበት ቆፈሩ። የእሳቸው ግቢ አልበቃም። የአብዲ አባት ወለላቸውን አስቆፈሩላቸው። ሌላው ጎረቤት ሙቁን አየር ወደ ላይ የሚስበውን ረጅም ማማ ከጣሪያው ላይ አሠራ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንዱም ቤት ገባበት። «ወንዙ ሲሞላ ቱቦው በደለል ይደፈናል። በየዓመቱ ሁላችን ወጥተን እንጠርገዋለን» አሉ።

ኢፍቱ ከልቧ ተደነቀች። በትምህርት ቤት ስለ ታላላቅ ፎቆች ብዙ ተምራለች፤ እንዲህ ያለ ሥራ ግን ማንም አላስተማራትም።

አሥራ አንዱን ቤቶች እንደ አንድ ቤት አድርጋ ቅጹን ሞልታ ላከች። የመሥሪያ ቤቱ መርማሪ፣ ማለትም ቅጾችን የሚያጣራው አሳቢ ማሽን፣ ወዲያው መለሰባት፦ «ለየቤቱ ወሰን ያስገቡ።»

«ምን ላድርግ?» አለች።

«ባለቤቶቹን ጠይቂያቸዋ» አሉ አቶ ዘርጋው።

ከበር ወደ በር እየሄደች «ቤታችሁ የት ላይ ያበቃል?» ብላ ጠየቀች። ወይዘሮ ሐሊማ እጃቸውን ወደ ማማው ዘረጉ። የማማው ባለቤት ወደነአብዲ ቤት ጠቆመ። አብዲ ደግሞ ስቆ ወደ ወንዙ አሳያት። መልሳቸውን ሁሉ እንዳለ ጻፈችና ከሥሩ በገዛ ስሟ ፈረመች። ስህተት ከሆነ ፈቃዷ ይነጠቃል።

በአራተኛው ቀን የመርማሪው ውሳኔ መጣ፦ ዘጠና አንድ፤ አይፈርስም። ወይዘሮ ሐሊማ ወሬውን ሲሰሙ ኢፍቱን ግንባሯን ሳሟትና ኖራቸውን ወደማቡካት ተመለሱ።

በማግስቱ በከተማዋ ቅጽ ሁሉ ላይ መርማሪው ራሱ የጨመረው አዲስ ጥያቄ ታየ፦ «ይህን ቤት የሚጋራው ማን ነው?»

ኢፍቱ ስልሳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የራሷን ቤት ለሙከራ ገመተች። ዘጠና ስድስት አመጣ። አዲሱ ጥያቄ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። በዚያ ቤት አራት ዓመት ኖራለች፤ ከግድግዳው ወዲያ ማን እንደሚኖር አታውቅም።

ቅጹን ሳትዘጋው ወደ ኮሪደሩ ወጣችና የጎረቤቷን በር አንኳኳች። ከውስጥ የአንድ አዛውንት ድምፅ፣ ሰው ያንኳኳል ብሎ እንዳልጠበቀ ሁሉ እየተደናገረ፣ «ማነው?» አለ።