የኔጋቲቩ ደብዛዛ ገጽ

«ደብዛዛው ገጽ ወደ ታች፣ የሚያብረቀርቀው ወደ ሌንሱ። አለዚያ ግራና ቀኙ ይገለበጥብሻል፣ ልጄ።»

አቶ ከተማ ነጭ የጥጥ ጓንታቸውን አጥልቀውላት ኔጋቲቩን አቀበሏት። ፒያሳ በሚገኘው ፎቶ ቤታቸው ኤደን ብለው የሚጠሯት ይህች ሠራተኛ፣ የአርባ ዓመት ኔጋቲቮቻቸውን ወደ ዲጂታል ስትቀይር ሦስት ወር ሆኗታል። ስሟ ኤደን አይደለም። በስለላ ድርጅቱ መዝገብ «ዋንዛ» ትባላለች።

አለቃዋ «ዝግባ» ከመንገዱ ማዶ ተቀምጦ ማኪያቶውን ያማስላል። ትእዛዙ አንድ ነው፤ ኔጋቲቩን ማግኘት።

አሁን በእጇ ያለው፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚሁ ፎቶ ቤት ደጃፍ የተነሣው ምስል፣ ጀርባውን የሰጠ መኮንን ለባዕድ ሰላይ ሰነድ ሲያቀብል ያሳያል። ሰነዱ በእጃቸው የነበረው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ዝግባና ኮሎኔል ዘርዓብሩክ። ዝግባ ከኔጋቲቩ በስልኩ ባነሣው ቅጂ ላይ የተዘረጋው ግራ እጅ ነው። የዘርዓብሩክ ቀኝ እጅ ደግሞ ፎቶው ከመነሣቱ በፊት ከደረሰባቸው የጦር ሜዳ ቁስል ወዲህ አይታዘዝም። ዛሬ በአሥር ሰዓት ይፈረድባቸዋል።

የስለላ ሙያውን ያስተማሯት ኮሎኔሉ ናቸው። ይህን ስታስብ ምንም አልተሰማትም።

ስካነሩ ዘገምተኛ ነው፤ የስልክ ፎቶ ጥራት ያጎድላል። ኔጋቲቩን በብርሃን ሳጥኑ ላይ አጋድማ በካሜራ አነሣችው። ከሰውየው ባሻገር የፎቶ ቤቱ ሰሌዳ ታየ፤ ፊደሉ በትክክል ይነበባል። ከዝግባ ቅጂ ላይ ሰሌዳው ተቆርጦ ወጥቷል።

የተዘረጋው እጅ ቀኝ ነው፤ ዝግባ ኔጋቲቩን ገልብጦ ነበር ያነሣው።

ምስሉን የኮሎኔሉን ጉዳይ ለያዙት መርማሪዎች ሰብሳቢ ለወይዘሮ ሰገነት ላከች። መልሱ ወዲያው መጣ። «ሰዎቼ ጊዮርጊስ ናቸው። እስኪደርሱ ዝግባ አይጠርጥር። ኔጋቲቩን ስጪው። ከኮምፒውተሩም ደምስሺ። ለማንም አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ።»

ደመሰሰች።

በሩ ተከፈተ።

«ጋሼ፣ ዛሬም ያችን ኔጋቲቭ እንደታቀፏት ነው?» አለ ዝግባ።

«አንተ ደግሞ፣ ስልክህ አልበቃህም?»

ዋንዛ ኔጋቲቩን ለዝግባ ሰጠችው። እርሱም ላይተሩን ለኮሰ። ፊልሙ ተኮማተረ፤ ጠቆረ።

«ኤደን?» አሉ አቶ ከተማ።

የብርሃን ሳጥኑን አጠፋች።

«ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?»

«ጎበዝ ልጅ» አላት ዝግባ፤ ወጣም። መንገዱን ሳይሻገር ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው መኪና ውስጥ አስገቡት። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ሽማግሌው አላዩም። ጀርባቸውን ሰጥተው አመዱን በጥጥ ይጠርጋሉ። አንድ ቃል በበቃቸው ነበር። ትእዛዝ ግን ትእዛዝ ነው። ወጣች።

በአራት ኪሎ ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ጠጋ አሉላት።

«እጅሽን ምን ሆንሽ፣ የኔ ልጅ?»

የሽማግሌውን ነጭ የጥጥ ጓንት አላወለቀችም ነበር።

«ምንም» አለች።