የማያም መነጽር

«ያምሻል?» አሏት መነጽር ሠሪው ዶን አታናሲዮ፣ ሦስተኛ መነጽሯን ከጆሮዋ ጀርባ እያስተካከሉ።

«አያመኝም» አለች ኒሚያ። እውነቷን ነው።

«ይታይሻል?»

«ይታየኛል።»

ይኼም እውነት ነው። እናቷ ዙኒልዳ በረጅሙ ተነፈሰች። ከልብስ ፋብሪካው በቀጥታ ነው የመጣችው፤ እግሯ ስላበጠ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች። «የፊተኞቹ ሁለቱ ጠፉባት። ይኼን ደግሞ ሰው ዞር ሲል ታወልቀዋለች። ካላመማት፣ ከታያት፣ ምን ላድርጋት? እኔ ደከመኝ፣ ዶን አታናሲዮ።»

ኒሚያም ደክሟታል። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም እንዳለባት ቤተሰቡ ካወቀ ቆይቷል። እናቷ አንገቷን የሚቧጥጠውን የልብስ ምልክት ሁሉ በመቀስ ትቆርጥላታለች፤ ጫጫታ ሲበዛባት ከሰው መሃል ታወጣታለች። መነጽሩን ግን ማንም አላሰበውም። አፍንጫዋ ላይ ሲቀመጥ፣ አንድ ሰው በእርጥብ ጣቱ ተጭኗት አልለቅ ያላት ይመስላታል። በኢንካርናሲዮን ከተማ ሙቀት ላብ ያንሸራትተዋል፣ ትመልሰዋለች፣ ይንሸራተታል። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ መምህርቷ የምትለው አይገባትም፤ ሐሳቧ ሁሉ አፍንጫዋ ላይ ነው። ስታወልቀው ደግሞ ከመቀመጫዋ የሰሌዳው ሦስት ስምንት ይሆንባታል። ነገ የሒሳብ ፈተና አለ፤ ጥያቄው የሚጻፈው ሰሌዳ ላይ ነው። ከወደቀች ክፍሉን ትደግማለች።

ዶን አታናሲዮ ለመጣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርጉት በረዶ ያለበት ተረሬ፣ በብረት መምጠጫ የሚጠጣ የቅጠል መጠጥ፣ ቀድተው ሰጧት። ጠጥታ ዋንጫውን ስትመልስ «አመሰግናለሁ» አለቻቸው። በአገሩ ልማድ አመሰግናለሁ ላለ ሰው ዳግመኛ አይቀዳለትም፤ በቃኝ ማለቱ ነው።

«እንዴ፣ ገና በአንዱ? በዚህ ሙቀት?»

«መጠጡ ጥሩ ነው። መምጠጫው ብረት ስለሆነ ጥርሴን ሲነካኝ አልወድም።»

«ያምሻል?»

«አያመኝም። ግን እሱ እየነካኝ ሌላ ነገር ማሰብ አልችልም።»

ሽማግሌው ዋንጫውን አስቀመጡ። ከዚያ መነጽሩን በጣታቸው አመለከቱ። «ይኼስ?»

«ይኼም እንደዚያው ነው።» ቀጥሎ ያለውን መናገር ከበዳት። «እማ፣ ሁለቱ አልጠፉም። ዋሽቼሻለሁ። ከዶሮዎቹ ቤት ጀርባ ደብቄያቸው ነው።»

ዙኒልዳ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ተወችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ እኮ ዓመቱን ሙሉ ያምሻል ወይ ብቻ ነበር የምጠይቅሽ» አለች።

ዶን አታናሲዮ ቀለል ያለ፣ አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ክፍሉ ለስላሳ የሆነ ሌላ መነጽር ሊያስመጡላት እንደሚችሉ ነገሯቸው። «ላይመችሽም ይችላል፤ እንሞክረዋለን። ግን ከዓርብ በፊት አይደርስም።»

«ፈተናው ነገ ነው» አለች ዙኒልዳ፣ ጫማዋን መልሳ እያጠለቀች። «ከሥራ ቀርቼ መምህርቷን አናግራታለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።»

ኒሚያ መምህርቷን ብቻዋን አናግራ አታውቅም፤ ሁልጊዜ የምትናገርላት እናቷ ናት። ፈራች።

«ከሥራ አትቅሪ፣ እማ። እኔ እነግራታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ያለ መነጽር ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ ጥያቄውን ልገልብጥ ብዬ።»

«ልጆቹ ይስቁብሻል እኮ።»

ኒሚያ ትንሽ አሰበች። «ሲስቁ ይሰማኛል» አለች። «ቁጥሩ ግን ይታየኛል።»