ያልተሰረዘው መስመር

በማተሚያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቷ ወደ ወረቀት መጋዘኑ በሚያይ ጠባብ ክፍል ውስጥ እሱ ያነባል፣ እኔ አርማለሁ። እሱ የደራሲውን ረቂቅ ይዞ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔ ደግሞ የእርሳስ ፊደል ከሚደረድሩት ከፊደል ለቃሚዎቹ የመጣውን ናሙና ገጽ በቀይ እስክሪብቶ እየተከተልኩ የጎደለውን እጨምራለሁ፣ የተሳሳተውን እሰርዛለሁ። ሥርዓተ ነጥቡም ሳይቀር ይነበባል። በራችን ላይ ጆሮውን የጣለ ሰው የሚሰማው «ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ» ሲባል ነው።

የሕንጻው ሰው ሁሉ «ሬዲዮ» ይለው ነበር፣ ለድምፁ። «አራት ነጥብ» ሲል እንኳ አንድ ነገር ቃል የገባልኝ ይመስለኝ ነበር።

«አለቃዬ፣ ነቅተሻል?» ይለኛል።

«ነቅቻለሁ። ቀጥል።»

«ዓይንሽ ገጹ ላይ አይደለም እኮ።»

«የት ነው ታዲያ?»

እሱ ወደ ንባቡ ይመለሳል። ጆሮዬ ይግላል።

በዚያ ዓመት የመጣልን ትልቁ ሥራ የትምህርት ቤቶች የፖለቲካ መማሪያ ነበር። ሥርዓታችን አገር በአገር መላውን ዓለም እንደሚያሸንፍ በዐሥራ ሁለት ምዕራፍ ያስረዳል። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ሬዲዮ ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ለዘላለም ይላል። ማን ሄዶ አይቶ ነው የመጣው?»

«እናቴ ፊደል የቆጠረችው በአርባ ዓመቷ ነው» አልኩት። «በማታ ትምህርት፣ በዚህ ሥርዓት። እንዲህ ያለ ነገር ለምን ዓለምን አያሸንፍም?»

«ያሸንፍ። እናትሽም ታንብብ፣ ጎሽ! እኔ የምለው፣ ነገ የሚወለደው ልጅ ሳይጠየቅ "ጉዳዩ አልቋል" ይባላል ወይ ነው። ሰው የቤቱን ግድግዳ እንኳ አይቶ አይቶ ሲሰለቸው ቀለም ይቀይራል።»

«ይሄ ግድግዳ አይደለም።»

«ተቆጣሽ?»

«አልተቆጣሁም።»

«ስትቆጪ እስክሪብቶውን በአፍሽ ትይዢያለሽ።»

እስክሪብቶውን ከአፌ አወጣሁት። ሳቀ፤ ረቂቁንም አንስቶ ንባቡን ቀጠለ። «ካሸነፈም በኋላ ለዘላለም ጸንቶ ይኖራል፣ ድርብ ሰረዝ፣ ከእኛ በፊት ያሸነፉትም ሁሉ ያሉት ይህንኑ ነው፣ አራት ነጥብ።»

እጄ የሰማውን ጻፈ። ናሙናው ላይ የጎደለ መስሎኝ፣ በቀይ፣ በኅዳጉ ላይ፣ በጥንቃቄ።

«ኧረ ቀልዴን ነው!» አለ። «የመጨረሻዋ የኔ ናት። ሰርዢው።»

«እሺ» አልኩት።

አልሰረዝኩትም። ከደራሲው ሳይሆን ከራሱ ከእሱ ወጥቶ በእኔ እጅ የተጻፈ ነገር እስከዚያ ቀን አልነበረኝም። ማታ ከመውጣቴ በፊት እሰርዘዋለሁ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ ገጾቹ በአስቸኳይ ወደ ለቃሚዎቹ እንዲወርዱ አዘዘ፤ መልእክተኛዋም ክምሩን ከፊቴ አንስታ ሄደች። ልከተላት ብድግ አልኩ። «ምን ረስተሽ ነው?» ብባል ፊቴ እንደሚናገርብኝ ሳስበው ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከእርማቱ በኋላ የሚመጣውን ሁለተኛ ናሙና ለብቻው አይቶ የሚፈርመው ሬዲዮ ነው፤ ያወጣዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አላወጣውም። መጽሐፉ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ በየትምህርት ቤቱ ከተዳረሰ በኋላ አንድ መምህር መስመሩን ለተማሪዎቹ ሦስት ጊዜ አነበበላቸው ተባለ።

ሥራ አስኪያጁ አጎቴ ነበር፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ነገሩን የሚያጣራው ኮሚቴ ከመሰብሰቡ በፊት ኮሪደር ላይ ለብቻዬ አገኘኝ።

«ልጄ፣ የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ። ከዚያ አትለፊ።»

«እሱስ ምን ይሆናል፣ አጎቴ?»

«እናትሽን አስቢ» ብሎኝ ገባ።

ከረጅሙ ጠረጴዛ ማዶ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሬዲዮ ከእኔ ሁለት ወንበር አልፎ ነበር። ከፓርቲው ቢሮ የመጣው ሰውዬ በትሕትና ነበር የሚናገረው፤ ያ ነው የባሰብኝ።

«ይህን የጻፍሽው ከራስሽ ነው?»

«እሱ እንዳነበበልኝ ነው የጻፍኩት።»

«ካነበበልሽ በኋላ ሰርዢው ብሎሻል?»

ሬዲዮ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ላይ ልመና አልነበረም፣ ቁጣም አልነበረም። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው፤ «አዎ» የምትል።

«አላስታውስም» አልኩ።

ሁለተኛው ናሙና ላይ ያለው ፊርማም የእሱ ስለነበር ሌላ ማስረጃ አልፈለጉም። በየትኛውም ማተሚያ ቤት እንዳይሠራ ታገደ። በማግስቱ መጥቶ ጃኬቱን ከበሩ ጀርባ ሲያነሳ እኔ ጎንበስ ብዬ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት አርም ነበር።

ስምንት ዓመት አለፈ። ለዘላለም የተባለው ሥርዓት በአንድ ክረምት ወደቀ። አጎቴ ጡረታ ወጣ። እኔ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። እነዚያው ማሽኖች አዲስ መማሪያ ማተም ጀመሩ። አንድ ጠዋት የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳርም «ከእንግዲህ ዓለም ሌላ ሥርዓት አያስፈልጋትም፤ ይህ የመጨረሻው ነው» ይላል። እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ አንድም መስመር ማንበብ አልቻልኩም።

አንድ ሽማግሌ ፊደል ለቃሚ ሬዲዮ የት እንዳለ ያውቅ ነበር። «ሬዲዮ? ከሆስፒታሉ ጀርባ ላውንደሪ ውስጥ አለልሽ። አሁን ግን ብዙም አያወራም።»

በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ክፍሉ በእንፋሎት ተሞልቷል። ጠጉሩ ከፊት ሳስቷል፤ ሸሚዝ ይተኩሳል። ሲያየኝ ካውያውን አቁሞ እጁን በፎጣ ጠረገ፣ ግን አልዘረጋልኝም።

«አለቃዬ» አለ።

በሰላምታ መጀመር አልቻልኩም። «ሰርዢው ብለኸኝ ነበር። ኮሚቴው ፊትም አስታውስ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለተኛው ናሙና ላይ ታየዋለህ ብዬ ነው የተውኩት።»

«አይቼዋለሁ እኮ።»

ፎጣውን አጥፎ ካውያው አጠገብ አኖረው።

«ሆነ ብለሽ የተውሽው መሰለኝ» አለ። «ስትከራከሪኝ ከርመሽ በመጨረሻ ያመንሽበት፣ በአፍሽ ለማለት ፈርተሽ በእስክሪብቶ ያልሽው። ታዲያ እንዴት ልሰርዘው? ደስ ብሎኝ ነው የፈረምኩት። "አላስታውስም" ስትይም ፈርታ ነው አልኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ሌላው ቢቀር አንድ ሰው አሳምኛለሁ እያልኩ ነው ሸሚዝ የምተኩሰው።»

ዝም ብል ይበቃኝ ነበር። ዝምታዬን እንደ እሺታ ይወስደው ነበር፤ ምናልባት ፈገግ ይል ነበር፤ ምናልባት እጄን ይይዘኝ ነበር። ግን አንድ ጊዜ ዝም ብዬበታለሁ።

«አላመንኩበትም ነበር» አልኩት። «ያንተ ስለሆነ ነው የተውኩት። እስከ ማታ አብሮኝ እንዲቆይ። ስለ ዓለም ምንም አላሰብኩም።»

ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለ።

«ለድምፄ ነው በይኛ።»

«ለድምፅህ ነው።»

«አይ ሬዲዮ!» አለ፣ በራሱ ላይ እያፌዘ። ሊስቅ ጀምሮ መሀል ላይ ተወው። «አሁንስ?»

«አሁንም ልክ ነበርክ ብዬ ልሸነግልህ አልችልም። እናቴ ማንበብ የቻለችው በዚያ ሥርዓት ነው፤ እኔም የዋሸሁብህ በዚያ ነው። አዲሶቹም የመጨረሻዎቹ እኛ ነን ይላሉ። ዛሬ ጠዋት ሳነበው ያንተ መስመር ትዝ አለኝ። ጥያቄህን ያኔ በደንብ ሰምቼው ቢሆን እላለሁ። እኔ እኮ የማዳምጥህ ስታነብ ብቻ ነበር፤ ስትጠይቅ አይደለም።»

«ይቅርታ ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

«ዛሬ አልችልም» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «ማባረራቸውን ለምጄዋለሁ። ይቺን ግን አሁን ነው የነገርሽኝ።»

«ልሂድ?»

ዞሮ ከክምሩ ላይ የሆስፒታል አንሶላ ሳበ። አንሶላ ለብቻ ማጠፍ ያስቸግራል፤ ጫፉ መሬት ይነካል።

«ያዢልኝ» አለ፣ ሳያየኝ።

ሁለቱን ጫፎች ያዝኩ። ዘረጋነው፤ አጠፍነው። ወደ እኔ መጣ፤ ጣቶቹ ጣቶቼን ሳይነኩ ጫፎቹን ተቀበለኝና ወደ ኋላ ተመለሰ። አንሶላውን መደርደሪያው ላይ አኖረ። ከዚያም ሌላ ሳበና ጫፉን አቀበለኝ።