ዶማውን ማን ይያዘው?

እትዬ ውብአየሁ ለሻይ የተጣደውን ውሃ ከነድስቱ አንሥተው ሣሩ ላይ ደፉት። ቀጥለው ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ገለበጡ። በጠዋቱ ብርድ እጃቸውን እያሻሹ ሻይ ሲጠብቁ የነበሩት ልጆች ወደ እሳቸው ዞሩ።

የአንድ የዳንግላ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ጥርባ ሐይቅ አጠገብ፣ ደኑ ጥግ ላይ ድንኳን ከተከሉ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። የሚጠጡት ከድንኳኖቹ በታች ካለ ትንሽ ምንጭ ነው። ምግብ የሚያበስሉላቸው እትዬ ውብአየሁ ዛሬ ተጨማሪ ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ፣ ከምንጩ በላይ ሰው ተጸዳድቶ እንዲሁ ትቶት ሄዶ አገኙ። ያልተቆፈረ፣ ያልተሸፈነ።

«ሶፍት ተነስንሶበታል» አሉ እትዬ ውብአየሁ። «ሶፍት ገዝቶ የመጣ ሰው፣ አፈር መመለስ ግን ከበደው።»

የወጣቶቹ መሪ ብሥራት እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ነው። ይህን ያደረገው ሰው ካልታወቀና ነገሩ ካልተስተካከለ ከምሳ በኋላ ድንኳን እንደሚነቀል ተናገረ። የታመመ ልጅ ይዞ ወላጆች ፊት መቆም አይፈልግም።

ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል። የመጀመሪያው ቀን ማታ ብሥራት ከሙሴ ሕግ አንብቦላቸው ነበር፤ በምድረ በዳ የሰፈረው ሕዝብ ከሰፈር ውጭ ወጥቶ፣ በመቆፈሪያ ቆፍሮ እንዲሸፍን እግዚአብሔር ማዘዙን፣ ይኸውም እሱ ራሱ በሰፈሩ መካከል ስለሚመላለስ መሆኑን። ልጆቹ ሲያፍኑት የነበረው ሳቅ አፈትልኮ ወጣ። ብሥራት ግን አልሳቀም። አንድ ዶማ አምጥቶ የሰፈሩ መግቢያ ላይ ተከለ፤ ከጎኑ ካለው ዛፍ ላይ ሳሙናና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ሰቀለ። ወደ ደኑ የሚሄድ ሁሉ ዶማውን ይይዛል፤ ከምንጩ ርቆ ይሄዳል፤ ሲመለስ ይታጠባል። ይኸው ነው።

ችግሩ፣ ዶማው ያለው ወንዶቹ እሳት ከሚሞቁበት ፊት ለፊት ነው። ሽመክት ደግሞ አለ። ዶማውን የነካ ሁሉ ከሽመክት አፍ አያመልጥም። «ገበሬው ተነሣ!» ይላል ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ምን ልትተክል ነው? ድንች ነው?» ወንዶቹ ያጨበጭባሉ። ከዚያ በኋላ ከአንዲት ልጅ በቀር በቀን ዶማውን የሚነካ ጠፋ።

ከልጃገረዶቹ አንዷ ርሆቦትም ከዳንግላ ከወጡ ጀምሮ ወደ ደኑ አልሄደችም። ሆዷ ተወጥሯል። ትናንት ራት ሲቀርብ «ጾም ይዣለሁ» ብላ ሳትበላ ቀረች፤ ብሥራትም በሁሉም ፊት አመሰገናት። ያን ምስጋና ባሰበች ቁጥር ሆዷ ይበልጥ ይቆርጣታል።

«የሻረግን ጠይቋት» አለ ሽመክት ድንገት። «ሳይነጋ ወደ ታች ስትወርድ አይቻታለሁ። ገጠር ምን ሽንት ቤት አለ?»

ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ። የሻረግ ከጥርባ ማዶ ካለ ቀበሌ መጥታ ዳንግላ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ከመጣች ገና ቅርብ ጊዜዋ ነው፤ ለዚህ ጉዞም አባቷን ስንት ጊዜ ለምና ነው የመጣችው። አንዲት ቃል በአዊኛ አጉተመተመች።

ብሥራት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሷ ከሆነች ማንም ሳያንቋሽሻት ራሱ በሚኒባስ ወደ ቤቷ እንደሚሸኛት ነገራት።

«እኔ አይደለሁም» አለች። «ውሃ ልቀዳ ነው የወረድሁ። እኔ ዶማውን ይዤ ነው የምሄደው።»

«ማን አየሽ?» አለ ሽመክት።

ከርሆቦት አጠገብ የተቀመጠችው አምሳል እጇን ጨበጠቻት። ትናንት አመሻሽ ላይ አምሳል ዶማ ሳትይዝ ከምንጩ በላይ ስትሄድ፣ መንገዱ ላይ ቆማ ሰው እንዳይመጣ የጠበቀችላት ርሆቦት ነበረች።

«በናትሽ» አለች አምሳል በሹክሹክታ። «ሙድ ይይዙብኛል። ሼም ይገድለኛል።»

የሻረግ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ርሆቦት እጇን ከአምሳል እጅ አላቅቃ ተነሣች።

«ዶማ ስትይዝ ያየሃትማ አንተ ነህ» አለችው ሽመክትን። «ትናንት ዶማውን ስታነሣ ድንች ያልካት ማን ነው? ከዚህ ሁሉ ሰው ዶማ የያዘችው እሷ ብቻ ናት። ሌላው የት ነው የሚሄደው? ሁለት ቀን ሙሉ መላእክት ሆነን ነው?»

ሳቅ ተነሣ። እሷ አልሳቀችም።

«ትናንት እዚያ ሰው ሲቀመጥ ቆሜ የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ማን እንደሆነ አልናገርም። የሻረግ ግን አይደለችም። ጾሜም ውሸት ነው፤ ዶማ ይዤ በእናንተ ፊት ማለፍ አፍሬ ነው። እግዚአብሔር ስለ ጉድጓድ ሲያዝ አላፈረም። እሱ ያላፈረበትን እኛ ምን ቤት ነን የምናፍረው?»

ዶማውን ነቅላ በወንዶቹ መካከል አለፈች። ሽመክት እግሩን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀላት።

ምንጩ ጋ ሳትደርስ ከኋላዋ ሩጫ ሰማች። አምሳል ናት፤ ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ስጪኝ» አለች። «እኔ መሆኔን ነግሬያቸዋለሁ።»

አምሳል ከውሃው ራቅ አድርጋ ቆፈረች፤ የተጣለውንም ከነአፈሩ አንሥታ ቀበረችው። የሻረግ ተከትላቸው መጥታ ነበር። ትንሽ ቆማ አየቻትና «እኔን ብትጠሪኝ አብረን እንሄድ ነበር» አለቻት። አምሳል ዶማውን ተደግፋ እንደገና አለቀሰች፤ የአሁኑ ልቅሶ ግን ሳቅ ነበረበት።

ላይኛው ሜዳ ላይ ብሥራት የሻረግን በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቃት። ድንኳኑ አይነቀልም። ውሃ ለዛሬ ከማዶ ካሉት ገበሬዎች የውሃ ጉድጓድ ይመጣል፤ ጀሪካን የሚሸከመው ደግሞ ሽመክት ነው።

ርሆቦት ግን ገና አልተመለሰችም። ዶማውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ፀሐይ ፍንትው ባለበት፣ ሁሉም እያያት፣ ከምንጩ በተቃራኒ ወደ ደኑ ዘለቀች።

ስትመለስ አረማመዷ ሁሉ ቀሎ ነበር። ውሃው እጅ ያደነዝዛል፤ ቢሆንም በሳሙናው እስከ ክንዷ ታጠበች። ወዲያው ርሃቡ መጣ።

«እትዬ፣ ዳቦ አለዎት?»

«ጾምሽስ?»

«ፈታሁት።»

እትዬ ውብአየሁ ሳቃቸውን እየዋጡ ትልቁን ቁራሽ ሰጧት። ርሆቦት ዶማውን ቦታው ላይ ተክላ፣ እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ገመጠች።

ሽመክት ዶማውን አየው። ልጃገረዶቹን አየ። እንደገና ዶማውን አየው። ከዚያም ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና፣ ማንንም ሳያይ ነቅሎት ሄደ።

ድንች የሚለው ቃል በርሆቦት ምላስ ላይ መጥቶ ነበር። ከዳቦው ጋር ዋጠችው።